የአማት ጭረት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። ደሴት ላይ የሚኖር አንድ ጀልበኛ፣ ሚስቱ መውለጃዋ ስለ ደረሰ አማቱን የጀልባዬን ሞተር ጠግኑልኝ ብሎ ለመነ። ሽማግሌው የሲሊንደሩን ውስጥ ቀስ ብለው ሞርደው "በል ልጄ፣ ቀሪውን አንተ ግጠመው" አሉት።

እሳቸው ሲሄዱ ባል ውስጡን ቢያየው ጭረት በጭረት ነው።

"አይ አባትሽ! ዓይናቸው ደክሟል፤ ድመት የቧጨረው አስመሰሉት እኮ!"

"አባዬን እንዳትነካብኝ!" ብላ ሚስቱ ሳቀች።

ምጧ የመጣ ዕለት ሞተሩ ሐይቁ መሃል ግሎ፣ ብረት ከብረት ተናክሶ ቀጥ አለ። እየቀዘፉ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሕፃኗ ተረፈች፤ እናቲቱ ግን ደሟ አልቆ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አገሩ ሁሉ ሽማግሌውን አማ። እሳቸውም ሞተሩን ፈቱት። ከተቃጠለው ቦታ በቀር የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ያበራል።

"ጭረቱን ማን አጠፋው? ብረቱ እንዳይግል ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነበር እኮ!"

ባልየው ሕፃኗን እንዳቀፈ "እኔ ነኝ አባባ" አለ። "እንዳያስቸግራት፣ ለእሷ ብዬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት።"

አደራ ልጆቼ፣ እሱን ስታነሱ "ለእሷ ብዬ" ማለቱንም አስታውሱለት።