ኩርፊያ በኤፍ ኤም

ሠናይት ባሏን «ከዛሬ ጀምሮ እንዳታናግረኝ» ያለችው በጥር ነው። የምሯን ነው ብሎ ይፈጽመዋል ብላ አልጠበቀችም።

ብዙአየሁ ግን ፈጸመው። ጠዋት ይነሣል፣ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣል፣ አንገቱን በሹራብ ስካርፍ ይጠመጥማል፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣል። ደብረ ብርሃን በዚያ ብርድ አንገቱን የማይሸፍን ስለሌለ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ያጣላቸው የእህቷ ሠርግ ነው። ጫጫ ከተማ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ መድረኩን እሱ እንዲመራ ዘመድ ሁሉ ሲጠብቅ፣ «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ማይኩን ሳይነካ ዋለ። በሬዲዮ ለከተማው ሁሉ የሚለፈልፍ ሰው ለዘመዶቿ ሁለት ቃል ነፈጋቸው። ሠናይት በእንግዶቹ ፊት አፈረች።

ከመጋባታቸው በፊት መልኩን ሳታውቅ ነው የወደደችው። ከሰዓት በኋላ ወደሚያቀርበው የሙዚቃ ፕሮግራም እየደወለች ዘፈን ትመርጥ ነበር። «እኔ ያገባሁት ድምፁን ነው፤ ሰውየው ምርቃት ነው» ትላለች፣ እሱ እየሰማ።

አሁን ያንን ድምፅ የምትሰማው ብርድ ልብስ በምትሸጥበት ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠችው ሬዲዮ ነው። ለጣርማ በር ሰዎች ሰላምታ አለው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀልድ አለው፤ ካሴት ላላሳተመ ማሲንቆ መቺ ሳይቀር ምስጋና አለው። ለሚስቱ ብቻ የለውም።

አንድ ሁለቴ ቤት ውስጥ እጇን ሊይዝ ሞክሮ ነበር። ነጠቀችው። አፍ እያለው በእጅ የሚታረቅ ሰው አይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እማማ ታንጉ ብርድ ልብስ እየዳበሱ ወደ ሬዲዮዋ ዞሩ።

«ባልሽ ጃንጥላ እንዳትረሱ ይላል። ዝናብ ካየን ስንት ወራችን ነው?»

«ልቡ ሌላ ጋ ነው፣ እማማ።»

«ስልክ መቀበልም ትቷል። ለልጅ ልጄ ልደት ዘፈን ላስመርጥ ብዬ ብደውል ብደውል የሚያነሣ የለም።»

ሠናይት ምክንያቱን ያወቀች መሰላት። እሷ ደውላ በሕዝብ ፊት እንዳታዋርደው ፈርቶ ነው።

በማግስቱ ለምሳ መጥቶ እጁን ሲታጠብ፣ ጠረጴዛው ላይ የተወው ስልክ ብልጭ አለ። የጻፈችው ሔራን ናት፣ የጣቢያው አዲሷ ቴክኒሻን። «ዛሬም ከሥራ በኋላ እንቆይ። ማንም እንዳያውቅብን።»

ሠናይት ምሳውን አቀረበችለት። ቀድሞ የተናገረ ተሸናፊ ነው። እሱ በልቶ ሲወጣ ግን ልብሶቹን አንድ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፤ እንባዋ እየቀደማት ጨረሰች። ከዚያ ባጃጅ አስቁማ ወደ ጣቢያው አለች።

ባጃጁ ውስጥም ብዙአየሁ ይስቃል።

«ይሄ ሰውዬ» አለ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ «ሚስቱ የታደለች ናት፣ እህቴ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ ቤት ውስጥ ቢኖር ማን ይሰለቻል?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

የጣቢያው ዘበኛ ያውቃታል፤ ሻንጣውን አይቶ ለመንገድ የተነሣች መስሎት አሳለፋት። ስቱዲዮው በር ላይ ቀይ መብራት በርቷል። እዚያ መብራት ሥር ስንት ጊዜ ምሳ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ እንደጠበቀችው ትዝ አላት። ዛሬ በሩን በረገደችው።

ብዙአየሁና ሔራን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰው ነበር። ሻንጣውን እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«በቃ፣ አሁን አውራ!» አለች። «ከተማው ሁሉ ይስማ።»

ሔራን በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብዙአየሁ ከንፈሩን ገጥሞ ቀና አለ፤ ስክሪኑ ላይ «ሐምሌ» የሚል ቅጂ እየተጫወተ ነው። ከጀርባው ያለው ድምፅ ማጉያ በእሱ ድምፅ ይስቃል፤ ክረምቱ እንደ በረታ፣ ጃንጥላ እንዳይረሳ ለአድማጮቹ ያሳስባል።

ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።