ስለት በባሕር ዋሻ

ሆቴል መዋኛ ውስጥ ሁለቴ የተንቦጫረቀው የአዲስ አበባ ሰው ጅቡቲ ሲደርስ ካፒቴን ሆኖ አረፈው። ከሚስቱ ጋር የተሳፈረባት ጀልባ ገደል ሥር ወዳለው የባሕር ዋሻ እስክትገባ ድረስ፣ አማርኛ የሚችለውን ባለጀልባ መንዳት ሲያስተምረው ነበር።

ውስጡ እንደጨለመ ሞተሩ ጸጥ አለ።

«አለቀልን! የቁልቢው ገብርኤል፣ አውጣኝና ጥላ አስገባልሃለሁ!» ብሎ ጮኸና ሚስቱ እግር ላይ ወደቀ። «ይቅር በይኝ! ለስብሰባ አዳማ እሄዳለሁ የምልሽ ውሸት ነው። እዚያ ልጅ አለኝ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገባ።»

ባለጀልባው ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ላይ እንኳ አልደረሰም።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜም አጥፍቼ ነው የምገፋው» አለ፤ «ሞተሩን ድንጋይ እንዳይመታብኝ።»

ሚስትየው የባሏን የመንሳፈፊያ ጃኬት መፍታት ጀመረች።

«ወንድሜ፣ ጠለቅ የሚለው በየት በኩል ነው?»