ቻል አድርጊው

ፀጉር ሠሪዋ የትንሿን ልጇን ጭንቅላት መታጠቢያው ሳህን ላይ አስደግፋ የማለስለሻውን ክሬም ስታለቀልቅ፣ አንድ እፍኝ ፀጉር ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ጨርሶ አልሳበችውም። እንደ ሐር ለስልሷል፤ ከሥሩ ግን ስስ ቆዳ ይዞ ነበር የወጣው።

ደንበኞቿን ሁሉ "ማቃጠል ሲጀምር ንገሩኝ" ትላቸዋለች፤ ሲነግሯትም ወዲያው ታጥባቸዋለች። ዛሬ ልጇ "እማዬ፣ አቃጠለኝ" ስትላት ግን "ቻል አድርጊው" ነበር ያለቻት። የልጅቷን ከርዳዳ ፀጉር እያዩ "የእሳት ልጅ አመድ" የሚሉትን ሴቶች አፍ ልታስይዝ ፈልጋ ነው። ልጅቷም የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ ቻለችው።

"ለሰለሰ እማዬ?" አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"ለሰለሰ፣ የኔ እናት።" እናትየው በእጇ ያለውን ጨበጠችው።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ ሲመጣ ጓዳ አልደበቅም አይደል?"

"አትደበቂም" ልትላት አፏን ስትከፍት የበሩ መጋረጃ ተገለጠና የመጀመሪያዋ ደንበኛ ገባች። እጇ ከአፏ ቀደመ፤ ፎጣውን ልጅቷ ራስ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጓዳ ገፋት።