የበረቱ መቀርቀሪያ

«ኧረ መጀመሪያ ላሟን እሰራት!» አለች ሰርክአዲስ፣ የአዮዲኑን ብልቃጥ ይዛ ባሏን እየተከተለች። ጎህ ሲቀድ የተወለደችው ጥጃ እትብቷ ገና አልተቀባም።

ካሣ ግን የት ሰምቶ! አማቱ እማማ ጤናዬ ከሞጆ፣ ጎረቤታቸው ኦቦ ቀልቤሳ ደግሞ ከነሚስቱ እንገር ሊቀምሱ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ከብት ያለውን እውቀት ሲያወራላቸው ነው ያረፈደው። ታዲያ እነሱ እየሰሙት ገመድ አምጪልኝ ሊል ነው?

«ቡሬን? በእጄ ያሳደግኳትን? እሷ እኔን ከነካችኝ ካሣ አትበሉኝ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከቤቱ ጀርባ ዞረና የበረቱን የቆርቆሮ በር ከፍቶ ገባ።

ቡሬ የሸንኮራ ጫፍ ፊቷ ተከምሮላት ዞር ብላም አላየችው፤ ጥጃዋን እየላሰች ነበር። እትብቱን እዚያው እናቲቱ እያየች ቀብቶ መውጣት ይችል ነበር። እሱ ግን ለእንግዶች ላሳይ ብሎ ጥጃዋን ብድግ አድርጎ አቀፋትና ለላሟ ጀርባውን ሰጣት። ጥጃዋ እምቧ አለች።

ቡሬ ግንባሯን ዝቅ አድርጋ ስትመጣ ካሣ ጥጃዋን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ተከትላው ገብታ ከኋላው የቆመችውን ሚስቱን በትከሻው ገፍትሯት ወጣ። በሩን ጠረቀመው፤ ከውጭ በመቀርቀሪያው ቀረቀረው።

ከውስጥ ብልቃጡ ሲሰበር ሰማ። ወዲያው ሰርክአዲስ ቆርቆሮውን በመዳፏ ትደበድብ ጀመር።

«ካሣ! ክፈትልኝ! ካሣዬ!»

ልቡ ክፈት ይለዋል፤ እጁ መቀርቀሪያውን ጨምድዶ ይዟል። ወይ ጉድ! ሊከፍት መስሎት ነበር የያዘው፣ ለካ እንዳይከፈት ነው። በሩ በከባድ ነገር ተመትቶ ወደ ውጭ ጎበጠ፤ ሰርክአዲስ ጮኸች፤ እሱ ይባስ ብሎ በጀርባው ደገፈው።

ከዚያ ጸጥ አለ።

«አይዞሽ ቡሬ… ያውልሽ፣ ልጅሽ ያቻትልሽ… አልነካትም እናቴ…» የሰርክአዲስ ድምፅ ከግርግሙ ኋላ ይንቀጠቀጣል። ጥጃዋ ተነስታ ወደ እናቷ መሄዷን ካሣ ያወቀው ቡሬ እንደገና መላስ ስትጀምር ሰምቶ ነው።

«አሁን ክፈት» አለችው፣ በቀስታ።

ከፈተ። ሰርክአዲስ ግድግዳውን ታካ በጎኗ ወጣች። ቀሚሷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሯል፤ የጎድን አጥንቷን በእጇ ደግፋ ይዛለች። ፊቱን አየች፤ መቀርቀሪያውን ያልለቀቀውን እጁን አየች። ምነው እኔን በወጋችኝ አለ ካሣ በሆዱ። በእርግጥ ተመኘው፣ ግን አሁን ምን ይረባል?

እንግዶቹ እየሮጡ ደረሱ። «ምን ሆናችሁ? ማነው የዘጋባት?» አለ ቀልቤሳ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እኔ…» አለ ካሣ።

«እኔ ነኝ ዝጋው ያልኩት» ቀደመችው ሰርክአዲስ። «ላሟ ወጥታ እናንተ ላይ እንዳትመጣ ብዬ። እሱማ ልግባ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።»

ካሣ አንገቱን ደፋ። እንዲያ አይደለም ማለት ነበረበት።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ ጤናዬ፣ የካሣን ጉንጭ እያገላበጡ እየሳሙ። «አንተ ባትኖርላት ልጄን ምን ይውጣት ነበር! በል ደግፋትና ወደ ቤት አስገባት።»

ካሣ ክንዱን ዘረጋ። ሰርክአዲስ እናቷ እያዩ ፈገግ ብላ ክንዱን ያዘች፤ የቤቱን ጥግ ዞረው ከሰው ዓይን ሲሰወሩ ለቀቀችውና ግድግዳውን እየተደገፈች ሄደች።