የኦቶ ቀለብ

አከራይዋ ሄር ሊንድነር ጉልበታቸውን ለመታከም ለስድስት ሳምንት ከከተማ ሲወጡ ለሀረገወይን ሁለት ነገር አስረከቧት፤ የቤታቸውን ቁልፍና ኦቶን። ኦቶ እንቁራሪት ነው። ያውም ሁለት ጭብጥ የሚያህል፣ ከዓይኑ በላይ ቀንድ መሳይ ነገር ያበቀለ፣ ቀኑን ሙሉ አፈር ውስጥ ተወትፎ ሰው የሚገላምጥ እንቁራሪት።

ሰውዬው ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር ውስጥ ባለአራት ፎቅ ቤት አላቸው። ሀረገወይን ጣሪያው ሥር ባለችው አንዲት ክፍል ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው። አዲስ አበባ እህቷ ጋ ያለውን የአሥር ዓመት ልጇን ኪዳነወልድን ለማምጣት የቀራት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የባለሁለት ክፍል ቤት ኪራይ ውል፣ ሚትፈርትራግ የሚሉት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ቤት ተለቅቋል። ሄር ሊንድነር ነገር አያንዛዙም።

"ኦቶን ደህና አድርገሽ አቆዪልኝ። ስመለስ እፈርማለሁ" አሏት።

እንቁራሪቱ የሟች ባለቤታቸው ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ የመስታወት ሣጥኑን ክዳን ሲዘጉ ከግራ የፊት እግሩ አንዷን ጣት ቆረጡበት፤ ከአራቱ ሦስት ቀሩለት። ከዚያ ወዲህ እንደ ልጅ ተሞላቅቆ ነው የኖረው።

መመሪያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በሳምንት ሁለቴ ካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት ፌንጣ ወይም የምድር ትል ይሰጠው። ውሃ በየቀኑ ይረጭለት። ለብቻው ይኑር፣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣልና። ትልቅ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ባይበላም ምንም አይሆንም።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ሀረገወይን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማትቀምስ ጿሚ ናት። ነፍስ ያለው ፌንጣ በወረንጦ ይዛ፣ ያውም በእመቤታችን ጾም፣ አንድ ሆዳም ልታጎርስ? እጇ እምቢ አላት። ሁለት ሳምንት ባይበላ ምንም አይሆንም ተብሎ የለ፤ አብሮኝ ይጹም አለች። ፌንጣውን ስትተወው ውሃ መርጨቱም አብሮ ተረሳ። የ2011 የነሐሴ ሙቀት ለፍራንክፈርት ሰው አልራራም፤ ለእንቁራሪትም እንዲያው።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ፌንጣዋን ይዛ መጣች። ኦቶ የለም።

ክዳኑ እንደተከደነ ነው። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጇን መክተቱን ተጸይፋ በጭልፋ ከላይ ከላይ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሶፋው ሥር ፈለገች፣ ጫማ ውስጥ ፈለገች፣ ማቀዝቀዣው ጀርባ ፈለገች። መጨረሻ ላይ በረንዳው ላይ የጎረቤት ድመት አፏን ስትልስ አየች፤ በቃ ተበላ አለች። ለኪዳነወልድ ምን ብላ ልትደውልለት ነው?

ጓደኛዋ ጣሂራ በርገር ሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ነገሩን ሰምታ በጣም ሳቀች፤ ድመቷ በልታ ስታበቃ ክዳኑን መልሳ ከደነችው ወይ ብላም ጠየቀቻት። ሀረገወይን የፈረንጅ ድመት ምን የማታውቀው ነገር አለ ብላ ተቆጣች። ቢሆንም ጣሂራ ክፉ አይደለችም፤ ያኑ ቀን አብራት እንስሳት የሚሸጥበት ሱቅ ሄደች።

ቁርጥ ኦቶን የሚመስል አገኙ፤ ቀለሙም ቀንዱም። ጉድለቱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ የኦቶን ግማሽ አያክልም። ሁለተኛ፣ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። ጣሂራ እግሩን እያየች በኋላ እናስብበታለን አለች። ሻጩ ቶሎ እንዲያድግ ትል በየቀኑ እንዲሰጠው፣ ዱቄቱ እንዳይረሳ መከረ። አፈሩም ይርጠብ፤ በድርቅ ጊዜ ጠልቀው የሚተኙ ፍጥረቶች ናቸው አላቸው።

ገዝተው ኦቶ ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ወዲያው ቀለብ ተጀመረ። ሀረገወይን ልጇን እንኳ እንዲህ አላጎረሰችም። ጠዋት ትል፣ ማታ ፌንጣ፣ በላዩ ዱቄት። ውሃውንም እንደ ጉድ ታርከፈክፈው ጀመር። ትንሹ ይበላል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑ ውስጥ የምትለቀው ፌንጣ ሳታውቀው ማለቅ ጀመረ፤ የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ ብላ ደስ አላት። አፈሩንም እዚህም እዚያም ይቆልለዋል፤ ጉልበት አገኘ አለች። ድመቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር ጫማ ትወረውርባታለች።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ የታመመች ባልደረባዋን ተክታ ቦናመስ ሰፈር ስትሠራ ሰነበተች። ሐሙስ እንቁጣጣሽ ነበር። ጠዋት በሩን ስትከፍት፣ ሣጥኑ መሀል ሁለት ጭብጥ የሚያህል እንቁራሪት ተቀምጦ ገላመጣት።

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለጣሂራ ደውላ ይኼ ካልሲየም የሚሉት ነገር ተአምር ነው አለቻት። ከዚያ የግራ እግሩ ላይ በጭልፋ እርጥብ አፈር ከመረችና ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ሄር ሊንድነር ከሰዓት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ሣጥኑን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ኦቶዬ" አሉና ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ብዕራቸውን አወጡ።

ይኼኔ ነው ሀረገወይን ያልቻለችው። ልጇን በውሸት ወረቀት ማምጣት አንገበገባት።

"ሄር ሊንድነር፣ አይፈርሙ። ይሄ ኦቶ አይደለም። ኦቶን ድመት በላብኝ፣ ይሄንን ከሱቅ ነው የገዛሁት" አለች እያለቀሰች።

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጡ። እጃቸውን ሰድደው እንቁራሪቱን አነሱት። የግራ እግሩን አፈር በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ወደ ዓይኗ አስጠጉላት። ሀረገወይን አንዴ ቆጠረች፤ ሁለተኛ ቆጠረች። ሦስት።

ሄር ሊንድነር ድካም ነው ብለው አዘኑላትና ፈረሙ። ከዚያ እንቁራሪቱን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉት።

"ለመሆኑ ምን አብልተሽው ነው እንዲህ የከበደው?"