ያልተዘጋው በሬ

«ሙሽራው ከመቸኮሉ የተነሳ ልጄን ይዞ ሲወጣ በሬን ሳይዘጋ ሄደ» ብሎ አነበበ ልብስ ሰፊው፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ።

ታናሽ ልጁ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «አባዬ! አላላኸው እኮ! በሬ አይደለም፣ በሬ! አጥብቀው!»

«እኔስ ምን አልኩ? በሬ ነው ያልኩት።»

«አንተ ያልከው ቀንድ ያለውን ነው። እኔ የጻፍኩት መቀርቀሪያ ያለውን!»

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንደ ጨርቅ በብርሃን መረመረው። «ፊደሉ ያው ነው። የሚጠብቀው የቱ ጋ እንደሆነ ካልጻፍሽ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የፊደሉ» አለች። ጥፋት ሲመጣ የምትለጥፍበት አታጣም። ሰፈሩ ምላጭ የሚላት ለዚህ ነው፤ ምላሷ ሳይነካ አያልፍም። ደብተር ሙሉ ቀልድ ጽፋለች፤ ከትምህርት ቤት ደብተሮቿ ሁሉ እስከ መጨረሻው ገጽ የሞላው እሱ ብቻ ነው።

ነገ ታላቅ እህቷ ታገባለች፤ የሙሽራዋ አባት ደግሞ ቆሞ መናገር አለበት። ሰውየው በመቀስና በሜትር እንጂ በቃል ሰው አሳምሮ አያውቅም። ባለፈው ወር ከአማቾቹ ጋር ምሳ ሲበሉ የሙሽራው አጎት፣ ያ ተረበኛ፣ «ጋሼ፣ የሰውን ሱሪ ልክ እያስገባህ የራስህ እንዲህ የሰፋህ ምነው?» አለው። ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ እሱ ኮስተር ብሎ «ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነው» አለና የወገቡን ልክ የድሮውንና የአሁኑን አስረዳ። በሴንቲሜትር። ሙሽራዋ ከሳህኗ ቀና አላለችም።

የዚያን ዕለት ማታ ለታናሿ «ንግግሩን ለራሳችን አጎት ብንሰጠው ይሻላል» ስትል፣ አባትየው ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሰምቷል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወደ ምላጭ ጠጋ ብሎ «ቀልድ እንዴት ነው የሚሠራው?» አላት፤ ስለ ኮሌታ አቆራረጥ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ቀልድ ማጠር አለበት፤ ትርፉን ትቆርጣለህ። የሚያስቀውን ቃል ወደ መጨረሻ ትገፋዋለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ።»

«ዝም ማለቱን እንኳን እችልበታለሁ።»

ምላጭ አልሳቀችም፤ ቀልድ ነው ብሎ ማን ይጠርጥር። «በል አሁን የበሩን ድገመው።»

«በርርርርሬን» አለ፤ የስፌት መኪናው የተነሳ መሰለ።

«ኧረ መጠን አለው!»

«እዚህ ቤት ደግሞ ማን ነው እንዲህ የሚያጓራው?» እያለች ሙሽራዋ ገባች፤ ቀሚሷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ ነው የመጣችው። ለበሰችና ዱካው ላይ ወጥታ ቆመች። አባቷ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ ጫፉን ማጠፍ ጀመረ።

«አባዬ…» ቃል መረጠች። «ነገ እንግዳው ብዙ ነው። ንግግሩን ለአጎቴ ብንሰጠው አይቀልልህም?»

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ እጅጌው ላይ ሰካቸው። 

«እታለም፣ እስቲ አንዴ ስሚው» አለች ምላጭ። «አንዴ ብቻ። ካላሳቀሽ ለአጎቴ ስጪው፣ እኔም ደብተሬን እቀደዋለሁ።»

ሙሽራዋ ሁለቱንም አየቻቸው። «እሺ።»

ልብስ ሰፊው እንደተንበረከከ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሙሽራው ከመቸኮሉ የተነሳ… ልጄን ይዞ ሲወጣ…» እዚህ ላይ ቀና ብሎ አያት። በገዛ እጁ በሰፋው ነጭ ቀሚስ ከራሱ በላይ ቆማለች። ያጠናው ሁሉ ከአእምሮው ብን አለ። «በሬን ሳይዘጋ ሄደ።»

ላላ። እንዲያውም እንዲህ ላልቶ አያውቅም። ምላጭ ዓይኗን ጨፈነች።

«የቱን በሬ ነው የሚዘጋው?» አለች ሙሽራዋ ግራ ገብቷት።

ልብስ ሰፊው እንደተኮሳተረ አሰበ።

«እኔን ነዋ» አለ። «አንቺን ሲወስድሽ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማን ይዝጋልኝ?»

ሙሽራዋን ሳቅ በአፍንጫዋ አመለጣት፤ ልትይዘው ሞከረች፣ አልተያዘላትም፤ ሆዷን ይዛ ስትታጠፍ የቀሚሱ ጎን ትርርር ብሎ ተተረተረ።

«አትሳቂ!» አለ አባቷ ደንግጦ። «ለሳቅ የሚሆን ትርፍ አልተውኩለትም!»

ይሄ ደግሞ ባሰባት። «ነገ…» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ነገ አንተው ትናገራለህ። ልክ እንደዚህ። አንዲት ቃል እንዳትነካ።»

ምላጭን ትንሽ ቅር አላት፤ ሲጀመር ቀልዱ የእሷ ነበር። ግን ተሰናድታ እንዳትቀየም፣ ራሷም የጨርቁ ክምር ላይ ወድቃ እየተንከተከተች ነው።

«ሳታወልቂው ልያዘው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለ አባቷ ክር ወደ መርፌው እያስገባ።

ሙሽራዋ ከንፈሯን ነክሳ ቀጥ አለች። መርፌው ጨርቁን ሊነካ ሲል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጁን መለሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ፈነዳች። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቀጠሮ ሲጣደፍ የኖረው ልብስ ሰፊ፣ መርፌውን አየር ላይ እንደያዘ ተረከዙ ላይ ቁጭ አለ፤ ልጁ ስቃ እስኪወጣላት ከወለሉ ሆኖ ሽቅብ ያያታል። ምንም አልቸኮለም።