ከደረሰኙ ጀርባ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኑሪ የሠርግ ፊልሙን ልክ የኢኽላስ አባት ሊናገሩ ሲሉ አቆመው። ኢኽላስ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ከስክሪኑ መንቀል አቃታት። አባቷ ከሞቱ ሦስት ወር አልፏቸዋል። እዚህ ካዛንቺስ፣ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ግን ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራ ልጃቸው፣ እሷው ራሷ፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታለች።

«ድምፁስ?» አለች።

«ድምፁማ ጥርት ያለ ነው» አለ ኑሪ ማውሱን ሳይለቅ። «በቃ ፖስቱን አጥፊው። አምስት ኮከብ ስጪን፣ ሁለት መስመር ጥሩ ነገር ጻፊልንና ፍላሽሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ፖስቱ ላይ ያለው የሆነው ብቻ ነበር። የሠርግ ፊልሟን በአንድ ወር እናደርሳለን ብለው ስምንት ወር አመላለሷት፤ ስልክ አያነሱም፣ ሲያነሱም ነገ ነው። ሲበቃት ፌስቡክ ላይ ጻፈችው። ሰው ተቀባበለው፤ ከሥሩም «እኔንም እንደዚሁ» የሚለው በዛ። ሁለት ሙሽሮች ውላቸውን አፈረሱ። ስምንት ወር ያልተነካ ፊልም በሦስት ቀን አለቀና ኑሪ ራሱ ደወለላት።

እየበረረች ስትመጣ ደረሰኙን ገልብጦ አሳያት። ከጀርባው፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ስለ ድርጅቱ በማኅበራዊ ሚዲያ መጥፎ የጻፈ ደንበኛ ሥራውን አይረከብም ይላል። ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ። ሠርግ የደረሰባት ሴት የደረሰኝ ጀርባ እንደማታነብ እሱ ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ጭፈራውም ኬኩም ይቅርባት። የምትፈልገው ይህችን ሁለት ደቂቃ ነው። ከአባቷ ቤት ስትወጣ የመረቋትን አልሰማችም። በዓይነ ርግቧ ሥር ታለቅስ ነበር፣ ደጅ ላይ ድቤ ይመታል፣ ጆሮዋ የገባው የሰዉ «አሚን» ብቻ ነው። አባቷ ደግሞ ወሎዬ ናቸው፤ ልጃቸውን ሲመርቁ ቃሉን በእሷ ልክ ይሰፍሩታል እንጂ ከማንም አይዋሱም። ፊልሙ ሲመጣ እሰማዋለሁ ብላ ተዘናጋች፣ ሞት ቀደማት።

ኑሪ አንዴ ጠቅ አደረገ። «ልጄ ኢኽላስ…» አሉ አባቷ። መልሶ አቆመው።

ስልኳን አውጥታ ፖስቱን ከፈተች። ማጥፊያው ላይ አውራ ጣቷን አድርሳ ሳለ፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ተራ ከያዙት ጋር ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት ጠጋ አለቻት። የሺሃረግ እባላለሁ አለቻት በሹክሹክታ፤ የእሷም የሠርግ ፊልም ሰባተኛ ወሩን ይዟል፣ ያቺን ጽሑፍ አንብባ ነው ዛሬ ልትጠይቅ የመጣችው።

ኢኽላስ ጣቷን አነሳች። ወደ ኑሪ ዞረች።

«ከጻፍኩት ውስጥ ውሸት ካለ አሳየኝ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ውሸት ነው አላልኩም። ማለቴ፣ እንጀራዬን ነው የነካሽው።»

«አንተ ደግሞ አባቴን ነው የያዝክብኝ።»

ከፖስቱ ወጥታ ጋሽ ጦይብ ጋ ደወለች፤ ድምፁንም ቤቱ እንዲሰማው ከፍ አደረገችው። ጋሽ ጦይብ ሜክሲኮ አካባቢ ብርድ ልብስ የሚሸጡ የአባቷ ባልንጀራ ናቸው። ያን ቀን ከአባቷ ጎን ተቀምጠው ሰዉን አሚን ያስባሉት እሳቸው ነበሩ። እስከ ዛሬ አለመጠየቋ ለራሷም ገረማት። ፊልም አለኝ ያለ ሰው፣ ሰው አይጠይቅም።

«ጋሼ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዎታል፤ አባዬ ያን ቀን ምን ብሎ ነበር የመረቀኝ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህ ልጄዋ፣ እሱ ይረሳል ብለሽ ነው? በሉ አሚን በሉ እንግዲህ፤ ያለ አሚን ዱዓ አይሄድም።»

ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጄ ኢኽላስ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ጓዳሽ አይጉደል።»

«አሚን» አለች ኢኽላስ ብቻዋን።

«ደጅሽ ከእንግዳ አይለይ።»

«አሜን» አለች የሺሃረግ። ተራ የያዙትም ተከተሏት፤ ምርቃት መሃል ገብቶ ዝም የሚል ማን አለ።

«ያ ረቢ፣ ይቺ ልጅ እንደ እናቷ ነገረኛ ናት። ያየችውን ሳትናገር አታድርም። አደራህን፣ አፏን አትዝጋባት።»

ኢኽላስ እያለቀሰች ሳቀች። አባቷን አገኘቻቸው፤ ከነተረባቸው፣ ከነልካቸው። ያን ቀን ያመለጣትን አሚን ጮክ ብላ አለችው፣ ቤቱም ተቀበላት።

ኑሪም የሙስሊም ልጅ ነው፤ ዱዓ እየሰማ ዝም ማለት አላደገበትም። እጆቹን ከማውሱ ላይ አንስቶ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ከሰዉ ጋር «አሚን» አለ። ምን ላይ እንዳለው የገባው ካለው በኋላ ነበር። መዳፎቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት እንደዘረጋቸው ቀረ።